የመብራቱን ዋጋ ማን ተስማማበት? የአንድ ፖስታ፣ የአምስት ሰዎችና የእናቴ ጥያቄ ታሪክ

(ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

  ዛሬ ታሪክ ነው የማወራችሁ። የንጉሥ ወይም የጦርነት ታሪክ አይደለም፣ የመብራት ሒሳብ ታሪክ ነው። እንዳትዘጉት፣ ትንሽ ብቻ ታገሱኝ።

እኔ እዚሁ አገር ነው የተወለድኩት። አማርኛንና ዕብራይስጥን ጎን ለጎን ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ገና በዘጠኝ ዓመቴ የቤታችን አስተርጓሚ ሆንኩ። ብዙዎቻችሁ ይህንን ሥራ ታውቁታላችሁ፤ ደሞዝ የለውም፣ ዕረፍትም የለውም። በየሁለት ወሩ የመብራት ሒሳብ ሲመጣ እናቴ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና «ነይ ልጄ፣ ምን ይላል?» ትለኛለች። እኔም መስመር በመስመር አነብላታለሁ። አንድ ቀን «ታሽሉም ካቩዓ» የሚል ቦታ ላይ ደረስኩ። «ቋሚ ክፍያ ነው እማዬ፣ መብራት ብታበሪም ባታበሪም የሚከፈል ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ማን ነው የተስማማበት?» አለችኝ።

«ስንት ነው?» አላለችም፣ «ለምን?»ም አላለችም። ማን ተስማማበት ነው ያለችው። እኔም ልጅ ነኝና «መንግሥት» ብዬ አለፍኩት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የኢኮኖሚ ታሪክ መማር ስጀምር ነው መልሴ ግማሽ መልስ እንደነበረ የገባኝ። ዛሬ የቀረውን ግማሽ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በመብራት ሒሳባችን ውስጥ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ አለ። አንዱ ኤሌክትሪኩ ራሱ ነው፤ ከጋዝ፣ ከድንጋይ ከሰል ወይም ከፀሐይ የሚመነጨው። ሌላው መንገዱ ነው፤ ምሰሶው፣ ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩ፣ በዝናብ ቀን ወጥቶ የሚጠግነው ሠራተኛ። ኤሌክትሪኩን ከተለያየ ሻጭ መግዛት ይቻላል። እዚህ አገር ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ዘመናዊ ቆጣሪ የሌለው ቤት እንኳን የግል አቅራቢ መምረጥ ይችላል። መንገዱ ግን አንድ ነው። በአንድ ጎዳና ላይ ሦስት ኩባንያ ሦስት ረድፍ ምሰሶ ቢተክል ወጪው ለሁሉም ይበዛል። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ባለ ሽቦው አንድ ብቻ ይሆናል። እናቴ ገበያ ሄዳ «አስወደድክብኝ፣ ከጎረቤትህ እገዛለሁ» እንደምትለው ለሽቦ ባለቤት ማለት አትችልም። ጎረቤት ሻጭ የለማ! እንግዲህ ዋጋውን የሚወስን ሌላ ዳኛ ያስፈልጋል።

ይህ ዳኛ ከየት መጣ? ምን መሰላችሁ፣ በመጀመሪያ «ዳኛ ይሰየምልን» ካሉት መካከል ከፍ ብሎ የተሰማው ድምፅ የኩባንያ ሰው ድምፅ ነበር። ሳሙኤል ኢንሰል ይባላል፣ በቺካጎ ትልቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ይመራ ነበር። በ1898 ለሙያ ባልደረቦቹ ባደረገው ንግግር ያቀረበው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ መንግሥት ዋጋችንን ይቆጣጠር፣ እኛም በየአካባቢያችን ብቸኛ እንሁን። በ1907 ዊስኮንሲንና ኒው ዮርክ እንዲህ ዓይነት ኮሚሽኖች አቋቋሙ፣ ሌሎቹም ግዛቶች ተከተሉ።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ ሩቅ አይደለም። በብሪታንያ አገዛዝ ጊዜ ፒንሐስ ሩተንበርግ በ1921 የያፎን አካባቢ፣ በ1926 ደግሞ ለ70 ዓመት የሚቆይ ትልቁን የኤሌክትሪክ ኮንሴሽን አገኘ። ኢየሩሳሌም ለብቻዋ ነበረች፤ እዚያ ከኦቶማን ዘመን ጀምሮ ማቭሮማቲስ የተባለ ሰው ሌላ ኮንሴሽን ነበረው። የሩተንበርግ ኩባንያ ነው ኋላ የእስራኤል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሆነው። ልብ በሉ፣ ውሉ በሁለት ወገን መካከል የተደረገ ነው፤ በባለ ኮንሴሽኑና በገዢው መንግሥት መካከል። ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው የፈረመበት ቦታ የለም። 1926 ላይ 70 ጨምሩበት፣ 1996 ይመጣል። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ አሜሪካ እንመለስ። የዋጋ ችሎት እንዴት ይሠራል? ኩባንያው ቀርቦ «ይህን ያህል ሽቦ ዘረጋሁ፣ ይህን ያህል ለሠራተኛ ከፈልኩ፣ ላፈሰስኩት ካፒታል ደግሞ ይህን ያህል ትርፍ ይገባኛል» ይላል። ኮሚሽኑ መርምሮ ይቀንሳል ወይም ያጸድቃል። ኩባንያው ጠበቃ አለው፣ መሐንዲስ አለው፣ የሒሳብ ባለሙያ አለው። የእነዚህ ሰዎች ደሞዝም እንደ ሥራ ወጪ ተቆጥሮ ብዙ ጊዜ ደንበኛው ሒሳብ ላይ ይገባል። በሌላው በኩል ያለው የደንበኛው ወንበር ግን ለረጅም ዘመን ባዶ ነበር። በር ተዘግቶበት አይደለም። ችሎቱ ወራት ይፈጃል፣ ሰነዱ በሺህ ገጽ ይቆጠራል፣ አንድ ቤተሰብ ከክርክሩ የሚያተርፈው በወር ጥቂት ብር ነው። ለጥቂት ብር ብሎ ሥራውን ትቶ ሦስት ወር የሚከራከር ማን ነው?

በ1973 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲልቪያ ሲግል የተባለች ሴት ተርን የሚባል ድርጅት መሥርታ ያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የነዳጅ ዋጋ የናረበት ዘመን ነው፣ ሒሳቡ በየጊዜው ይጨምራል። ድርጅቷ ከሌሎች ጋር ሆኖ በ1975 በካሊፎርኒያ አንድ ሕግ እንዲወጣ ገፋ፤ «የሕይወት መስመር» ሕግ ይሉታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ለማብሰል፣ ለመሞቅና ለማየት የሚያስፈልገው መጀመሪያው መጠን ለእያንዳንዱ ቤት በርካሽ ይሰጥ፤ ከዚያ በላይ የሚጠቀም ውድ ይክፈል። እዚህም አገር የገቢ ማሟያ የሚያገኙ አዛውንቶች በወር ለመጀመሪያዎቹ 400 ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ዋጋ እንደሚከፍሉ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሐሳቦቹ ዘመዳሞች ናቸው። እንዲህ ዓይነት ነገር ከሰማይ አይወርድም፣ አንድ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የተከራከረበት ነው።

አሁን የፖስታው ታሪክ ላይ ደረስን። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው።

የካሊፎርኒያው ትልቁ የጋዝና የኤሌክትሪክ ኩባንያ ከሒሳቡ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ የራሱን ትንሽ ጋዜጣ ይልክ ነበር። ስሙ «ፕሮግረስ» ነው፣ «እድገት» እንደማለት። የምግብ አሠራር ይጽፋል፣ ኃይል ስለመቆጠብ ይመክራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ፖለቲካም ይጽፋል። ከሦስት ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ይደርሳቸው ነበር። በ1980 ተርን ወደ ኮሚሽኑ ሄዶ «ደንበኛው በራሱ ገንዘብ የኩባንያውን ፖለቲካ ለምን ይሸከማል?» ብሎ አመለከተ። ኮሚሽኑም አንድ ብልህ ነገር አሰበ። ሒሳቡና በሕግ የሚላከው ማስታወቂያ ከገባ በኋላ፣ የፖስታ ክፍያው ሳይጨምር ሌላ ወረቀት የሚይዝ ባዶ ቦታ ይተርፋል። ያ ትርፍ ቦታ የማን ነው? ኮሚሽኑ «የደንበኞች ነው» አለ። ስለዚህ ለሁለት ዓመት ያህል፣ በዓመት አራት ጊዜ፣ ተርን የራሱን ወረቀት እንዲያስገባ ፈቀደ። ሰዎችን ለማስተባበርና መዋጮ ለመጠየቅ ማለት ነው።

ኩባንያው ይግባኝ አለ፣ ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የካቲት 25 ቀን 1986 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 ለኩባንያው ፈረደ። ዳኛ ፓወል የጻፉት ምክንያት የንግግር ነጻነት ነው፤ ኩባንያውን የማይስማማበትን ሐሳብ በፖስታው እንዲሸከም ማስገደድ አይቻልም አሉ። ያልተስማሙት ዳኛ ሬንክዊስት ደግሞ እንደ ሰው ሕሊና አለው ብለን ለእንዲህ ዓይነት ድርጅት መከራከር ምሳሌን ከእውነት ጋር መቀላቀል ነው የሚል መንፈስ ያለው ተቃውሞ ጻፉ።

እኔ ይህን ፍርድ ሳነብ የታየኝ የእናቴ ጠረጴዛ ነው። ያ ፖስታ ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚገባ አንድ በር ነበር። የተበታተኑ ሚሊዮን ሰዎች አንድ ላይ የሚገኙበት ሌላ ቦታ አልነበረም፣ ኢንተርኔት ያኔ በየቤቱ አልገባም። በሩን ማን ይጠቀም የሚለው ክርክር ከዋጋው ክርክር ያላነሰ ነበር። ምክንያቱም እርስ በርስ መነጋገር የማይችሉ ከፋዮች ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው መላክም አይችሉም።

ደንበኞቹ ግን በዚህ አላቆሙም። ዊስኮንሲን ከ1979፣ ኢሊኖይ ከ1983 ጀምሮ በሕግ የተቋቋመ የደንበኞች ማኅበር ነበራቸው። ኢሊኖይ በኩባንያው ፖስታ መጠቀም ሲከለከል መንግሥት ራሱ በሚልካቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ወረቀቱ እንዲገባ አደረገች። ካሊፎርኒያ ደግሞ ሌላ መንገድ አጠናከረች። በችሎቱ ላይ ተከራክሮ ለውሳኔው ቁም ነገር ያበረከተ የደንበኛ ወኪል የጠበቃና የባለሙያ ወጪው ይከፈለዋል። ወንበር መስጠት ብቻ አይበቃማ፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው እንጀራ መብላት አለበት።

እሺ፣ አሁን ሩቅ እንሂድ፣ ወደ አውስትራሊያ። ይህኛው በቀጥታ የሽቦ ታሪክ ነው።

በ2004 እና በ2005 አካባቢ በኩዊንስላንድና በኒው ሳውዝ ዌልስ መብራት በመጥፋቱ ሕዝቡ ተቆጣ። መንግሥታቱም «ከእንግዲህ አይጥፋ» ብለው የጥራት መለኪያውን ከፍ አደረጉ። ኩባንያዎቹ ትልልቅ መስመርና ትራንስፎርመር ዘረጉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ሽቦ የሚለካው በተራው ቀን አይደለም፣ በዓመቱ እጅግ በሚሞቀው ምሽት ነው፤ ሁሉም ሰው ማቀዝቀዣውን በአንዴ በሚከፍትበት ሰዓት። የኩባንያው ትርፍ ደግሞ ባፈሰሰው ካፒታል ላይ ይሰላል። ብዙ ሽቦ፣ ብዙ ትርፍ። ከ2009 በኋላ ደግሞ የአገሩ ሰው የኤሌክትሪክ ፍጆታ መቀነስ ጀመረ፣ ጣራ ላይ ፀሐይ የሚሰበስበው በዛ። ሽቦው ግን ተዘርግቷል፣ ዕዳውም በየወሩ ይከፈላል። የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን በ2018 ሲመረምር፣ በዐሥር ዓመት ውስጥ ሒሳቡን ከምንም በላይ ያስወደደው የሽቦው ወጪ ሆኖ ተገኘ። ሕዝቡ ለዚህ «ሽቦውን በወርቅ መለበጥ» የሚል ስም አወጣለት።

ልብ በሉ፣ ክፉ ሰው ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ። መብራት አይጥፋ ያለው ሕዝቡ ራሱ ነው። ነገር ግን «መብራት በዓመት አንድ ሰዓት ያነሰ እንዲጠፋ ይህን ያህል ትከፍላላችሁ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ማንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ2012 ሕጉ ተሻሻለ፣ በ2013 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የኩባንያዎቹን ዕቅድ በደንበኛ ዓይን የሚፈትሽ ቡድን አቋቋመ፣ በ2015 በአገር ደረጃ የደንበኞች ድርጅት ተፈጠረ። በዚያው በ2015 ተቆጣጣሪው የኒው ሳውዝ ዌልስ ኩባንያዎችን ገቢ ሲቀንስ ኩባንያዎቹ «በዛብን» ብለው ይግባኝ አሉ፤ አንድ የሕዝብ ጥቅም ተሟጋች ድርጅት ደግሞ «አነሰ፣ ጨምራችሁ ቀንሱ» ብሎ በሌላ በኩል ቀረበ። ክርክሩ ዓመታት ከፈጀ በኋላ በ2017 ፓርላማው ያንን የይግባኝ መንገድ ዘጋው።

በ2018 ደግሞ አዲስ ነገር ተሞከረ። በምሥራቅ ቪክቶሪያ ከ700 ሺህ በላይ ደንበኞች ያሉት ኦስኔት የተባለ የሽቦ ኩባንያ አለ። ይህ ኩባንያ ዕቅዱን ለተቆጣጣሪው ከማቅረቡ በፊት ከአምስት ሰዎች ጋር እንዲደራደር ተስማማ። የደንበኞች ፎረም ተባሉ። ሰብሳቢያቸው ቶኒ ሮቢንሰን የቀድሞ የግዛቱ የሸማቾች ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። ስኮትላንድ በ2011 ለውሃ ዋጋ የጀመረችውን መንገድ ነው የተከተሉት። አምስቱ ሰዎች ቤተሰቦችን፣ ገበሬዎችን፣ ነጋዴዎችን አነጋገሩ፣ ከዚያ ከኩባንያው ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። የሥራ ማስኬጃ ወጪው፣ ትልልቆቹ ግንባታዎች፣ የደንበኛ አገልግሎቱ ተራ በተራ ተነሣ። ሰው የሚያማርረው በዋጋ ብቻ እንዳልሆነ አሳዩ፤ «ነገ መብራት ይጠፋል ብላችሁ ሳታጠፉ ቀራችሁ፣ እኔ ግን ሱቄን ዘጋሁ» የሚለው ዓይነት ነገርም ዋጋ አለው። በመጨረሻ ደንበኛን በደንብ የሚያስተናግድ ኩባንያ የሚሸለምበት፣ የሚበድል የሚቀጣበት መለኪያ ገባ። ተቆጣጣሪው የመጨረሻ ውሳኔውን በሚያዝያ 2021 ሰጠ፣ እስከ 2026 አጋማሽ የሚቆይ።

ይህን ሳነብ ትውልድ አገር ያላችሁ ሰዎች ምን ታስታውሳላችሁ? ሽማግሌ! ሁለት ወገን ሲጋጭ ወደ ዳኛ ከመሄዱ በፊት ሰው ይላካል። ሽማግሌው አዳምጦ፣ አስማምቶ፣ ይዞ ይመጣል። ዳኛው አይቀርም፣ ግን ባዶ እጁን አይፈርድም።

እውነቱን ለመናገር ይህም እንከን አለው። ለአምስቱ ሰዎች የሚከፈለው ከኩባንያው ነበር፤ የሚከፍለኝን ሰው እንዴት ጠንክሬ እጋፈጠዋለሁ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ለካፒታል የሚታሰበው ትርፍ ደግሞ ትልቁ ገንዘብ ሆኖ ሳለ ለድርድር አልቀረበም፣ ለተቆጣጣሪው ነው የተተወው። አምስት ሰው 700 ሺህ ቤት ሊወክል ይችላል ወይ? የእንግሊዝኛ ቋንቋ የማይችለውን ስደተኛስ? እኔ የአስተርጓሚ ልጅ ስለሆንኩ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። ያቺን 1996 ይዛችሁልኛል አይደል? የሩተንበርግ 70 ዓመት ሲያልቅ ክኔሴት የኤሌክትሪክ ሕግ አወጣ፣ ዋጋ የሚወስን ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም ተቋቋመ። ሕጉ ዋጋው የአገልግሎቱን ወጪ የሚያሳይ ይሁን ይላል። ባለሥልጣኑ ትልቅ ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት «ሺሙዓ» ያወጣል፤ ማለት ረቂቁን በድረ ገጹ ላይ ይለጥፋል፣ ሰው አስተያየቱን በጽሑፍ ይልካል። ማንም ሰው። ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። እናቴ በየሁለት ወሩ ስትከፍል ኖራ ይህን መብቷን ከእኔ ነው የሰማችው፣ እኔም የሰማሁት በሃያዎቹ ዕድሜዬ ነው።

ባለፈው ዓመት ከእነዚህ ረቂቆች አንዱን አትሜ ይዤላት ሄድኩ። ዕብራይስጡ ለእኔም ከባድ ነው፣ ግማሽ ገጽ ለማስረዳት አንድ ጀበና ቡና ጨረስን። በሰዓት ስለሚለያየው ዋጋ ነገርኳት፤ ከ2023 ጀምሮ ውዱ ሰዓት የሚጀምረው ከቀኑ በ17:00 ነው አልኳት።

«በእኛ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«አሥራ አንድ ሰዓት።»

ሳቀች። «እኔ ከሥራ ቤት የምገባው አሥራ አንድ ሰዓት ነው እኮ! ምጣዱን መቼ ልጣደው? ልብሱንስ መቼ ልጠበው?»

እኔ በጉዳዩ ላይ ሁለት ሴሚናር ጽፌያለሁ። ይህን አንድ ጊዜ እንኳን አላሰብኩትም ነበር። በሰዓት የተለያየ ዋጋ የሚሠራው ሰዓቱን መምረጥ ለሚችል ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ቢሮ ስታጸዳ የምትውል ሴት ሰዓቷን አትመርጥም። ይህን ነገር መሐንዲሱ በሽቦው ላይ አያገኘውም፣ እሷን ካልጠየቀ በቀር። እሷ ደግሞ ሽቦው ለምን በዚያ ሰዓት እንደሚጨናነቅ ስነግራት ገባት፤ «እንግዲያው ሁላችንም በአንዴ ነው የምንገባው» አለች። ክርክሩ እንዲህ ነው መሆን ያለበት፣ ሁለቱም ወገን የማያውቀውን ከሌላው ሲሰማ።

አብረን ደብዳቤ ጻፍን። እሷ በአማርኛ ተናገረች፣ እኔ በዕብራይስጥ ጻፍኩ። ሰባት መስመር ነው። መጨረሻ ላይ ስሟን ራሷ ፈረመች፣ በፊደል። ዋጋው በአንድ ደብዳቤ አይቀንስም፣ እኔም እንዲህ ብዬ አላታለልኳትም። ግን አባቶች ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ።

ሒሳቡ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ እንደ ልማዷ ጠራችኝ። «ታሽሉም ካቩዓ» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ጣቷን አሳረፈችበት። «ስለዚህችስ የሚጻፍበት ቀን መቼ ነው?» አለችኝ።

የዛሬው ዝግጅቴ ይኸው ነው። ቤታችሁ ውስጥ ሒሳብ የሚያነብ ልጅ ካለ ይህን አሰሙት። ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው እመልሳለሁ። ደህና ሁኑ፣ ሻሎም።